ጄሮንቶሎጂ ምንድን ነው?

ዘመድ በተሰበሰበበት «ምን እያጠናህ ነው?» ሲባል «ጄሮንቶሎጂ» ብሎ የሚመልስ ተማሪ አይቀናውም። ዝም ይባላል። ከዚያ አክስት ትነሳለች፦ «ምንድን ነው እሱ ደግሞ?» «የሰው ልጅ ዕድገትና እርጅና» ብሎ ሲያስረዳ ይብስበታል። «ለእርጅና ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? ዝም ብሎ ይመጣ የለ!»

እውነቷን ነው፤ ዝም ብሎ ይመጣል። ግን በዚያ ዕድሜ የሚመጣው ሁሉ እርጅና ነው ወይ? ትምህርቱ የሚጀምረው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

ቃሉ ከግሪክ ነው፤ «ጌሮን» ሽማግሌ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ያወጣው በፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ኤሊ ሜችኒኮፍ ነው። ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል በማጥናቱ በ1908 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ዕድሜ ያስረዝማል ብሎ የሚያምነው ደግሞ እርጎ ነበር። በ71 ዓመቱ አረፈ። ለዚያ ዘመን ደህና ዕድሜ ነው፣ የእርጎው ይሁን አይሁን እንጃ።

ጄሪያትሪክስ ሌላ ነው። እሱ አረጋውያንን የማከም ሙያ ስለሆነ መጀመሪያ ሐኪም መሆን ይጠይቃል። ጄሮንቶሎጂ ግን እርጅናን ከሥነ ሕይወት፣ ከሥነ ልቦና፣ ከኅብረተሰብ፣ ከጡረታ ሕግ ሳይቀር አንድ ላይ አድርጎ ያያል። ሎስ አንጀለስ ያለው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1975 ለዚሁ ብቻ አንድ ትምህርት ቤት ከፍቷል። እዚያ ከሚሰጡት የመጀመሪያ ዲግሪዎች አንዱ «የሰው ልጅ ዕድገትና እርጅና» ይባላል። «ዕድገት» የሚለው ያለምክንያት አልገባም። የ80 ዓመት ሰው ጉልበትና አጥንት በ20 ዓመቱ ከበላውና ከሠራው ይጀምራል።

አሁን ወደዚያች ጥያቄ እንመለስ፤ የሚመጣው ሁሉ እርጅና ነው ወይ? አንዲት እናት እስከ ሰኞ ድረስ ቤቱን ሲያስተዳድሩ ከርመው ሐሙስ ላይ የልጃቸው ስም ይጠፋባቸዋል። ማታ ማታ ይቀባጥራሉ። ቤተሰብ ምን ይላል? «ጃጁ እኮ።» አለቀ። እርጅና ግን በሦስት ቀን አይመጣም። እንዲህ ያለ ድንገተኛ መምታታት ብዙ ጊዜ መንስኤው ሌላ ነው፦ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ውሃ ማነስ፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት። ቶሎ ከተደረሰበት ይታከማል። ቀስ ብሎ የሚመጣው የመርሳት በሽታ፣ እነ አልዛይመር፣ እሱም ቢሆን በሽታ ነው እንጂ የዕድሜ ግዴታ አይደለም። የዕቃ ቤት ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት አንድ ነገር ነው። ቁልፉን ይዞ ለምን እንደሚያገለግል ግራ መጋባት ሌላ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይህን ልዩነት ብቻ ይዞ ቢወጣ እንኳ ለቤተሰቡ ብዙ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

በሽታን እርጅና ማለት አንዱ ወጥመድ ነው፤ ሁለተኛው ይበልጥ ያታልላል። የ20 ዓመት ልጅና የ75 ዓመት ሰው አስቀምጠህ አንድ ዓይነት ፈተና ስጣቸው። ሽማግሌው ያንሳሉ። ስለዚህ ዕድሜ አእምሮን ይበላል? ቆይ። እሳቸው ትምህርት ቤት የቆዩት ስንት ዓመት ነው? እርሳስና ወረቀት ይዘው በሰዓት ተፈትነው ያውቃሉ? በእኛ አገር ነገሩ በዓይን ይታያል፤ ፊደል ያልቆጠሩ አያትና ዲግሪ የጫነች የልጅ ልጅ አንድ ቤት ይኖራሉ። ልዩነታቸው ከዕድሜ ይልቅ የተወለዱበት ዘመን ነው። አሜሪካ ውስጥ ዋርነር ሻይ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን ለመለየት በ1956 ሲያትል ላይ አንድ ጥናት ጀመረ። ወጣትና ሽማግሌ አወዳድሮ በመተው ፈንታ ያንኑ ሰው በየ7 ዓመቱ ተመልሶ ይፈትነዋል። ያኔ ሥዕሉ ተለወጠ። ፍጥነት ቀደም ብሎ ይቀንሳል፣ ብዙው ችሎታ ግን በአማካይ እስከ 60ዎቹ ድረስ ጎልቶ አይወርድም። የቃላት ሀብትማ ረጅም ጊዜ ይቆያል። አያት ተረት ሲያወሩ ማን ይችላቸዋል?

የሚቀንሰውንም ቢሆን ሰው በዘዴ ይዞት ይኖራል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ባልተስ ለዚህ የፒያኖ ተጫዋቹን የአርተር ሩቢንስታይንን ምሳሌ ይወድ ነበር። ሩቢንስታይን በ80ዎቹ ዕድሜው ጥቂት ዜማ ብቻ መረጠ፣ እነሱን አብዝቶ ተለማመደ። ፈጣኑ ክፍል ሊመጣ ሲል ደግሞ ከፊቱ ያለውን ሆን ብሎ ያዘገየዋል። ያኔ ፈጣኑ ከእውነቱ በላይ ፈጥኖ ይሰማል። ተንኮለኛ!

ሌላም አለ። ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ ፊት ሁላችንም እንጮሃለን። ከዕድሜ ጋር መጀመሪያ የሚጠፋው ግን ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ «ስ» እና «ፍ» እንደሚባሉት። ጩኸት ድምፁን ያበላሸዋል እንጂ እነዚህን አጥርቶ አይሰጥም። ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ዝግ እያሉ መናገር ይሻላል። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሆም ኬር፣ ማለትም አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ የመንከባከብ ሥራ፣ የሚሠሩ የአገራችን ሰዎች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። አንዳንዱ ሙያውን የያዘው በእጁ ነው፣ የጎደለው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ተመርቆ ምን ይሠራል ለሚለው፦ የአረጋውያን መኖሪያ ያስተዳድራል፣ በማኅበራዊ አገልግሎት ይቀጠራል፣ ወደ ሕክምና ወይም ወደ ምርምር ይሻገራል። ደመወዙ እንደ አገሩ ነው።

ከባዱ ሥራ ግን አመለካከት ነው። «ካረጁ አይበጁ» የሚል ተረት ያለን እኛው ነን፤ ሽማግሌ ልከን የምንታረቀውም እኛው። በዕድሜ ምክንያት ሰውን መናቅ በእንግሊዝኛ «ኤጂዝም» የሚል ስም አለው። ስሙን በ1960ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ሐኪሙ ሮበርት በትለር ነው።

አክስትየዋ ይሄን ሁሉ ስትሰማ ቆይታ ስልኳን ታወጣለች። ክንዷን እስከ መጨረሻው ዘርግታ፣ አገጯን ወደ ኋላ ስባ ታነባለች። «ዘንድሮ ደግሞ ጽሑፉን አሳነሱት» ትላለች። ከ40 ወዲህ የዓይን ሌንስ መለጠጡን እያጣ ሲሄድ ቅርብ ያለው ይደበዝዛል። ይሄኛው እንኳን እርጅና ነው።