የአቻ ግምገማ ምንድን ነው?

ደሴ ፒያሳ ሻይ ይዛችሁ ስትቀመጡ ከጎናችሁ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ካሉ፣ ይህን መስማታችሁ አይቀርም። «ፔፐሬ ሪቪው ላይ ነው።» «ስንት ወሩ?» «ስድስት።» የላኩት ጽሑፍ ግምገማ ላይ ነው ማለታቸው ነው። ታዲያ ስድስት ወር ሙሉ ምን እየተደረገበት ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ተመራማሪ ጥናቱን ጽፎ ወደ ጆርናል፣ ማለትም ጥናቶችን ወደሚያትም መጽሔት ሲልክ፣ ጆርናሉ ዝም ብሎ አያትመውም። በዚያው ሙያ የሚሠሩ ሌሎች ሰዎች እንዲመረምሩት ይሰጣቸዋል። የአቻ ግምገማ የተባለው ለዚህ ነው። ገምጋሚዎቹ የጸሐፊው አለቆች አይደሉም፤ በሙያ እኩዮቹ ናቸው።

ለምሳሌ ኮምቦልቻ ያለች አንዲት ተመራማሪን እናስብ። የቦርከና ወንዝ ውሃ ከከተማው በላይና በታች ይለያይ እንደሆነ ለማየት ናሙና ቀዳች፣ ላብራቶሪ አስመረመረች፣ ጽፋ ላከች። መጀመሪያ የሚያየው ኤዲተሩ ነው። ርዕሱ ከጆርናሉ ጋር ካልሄደ ወይም ጽሑፉ ገና ጥሬ ከሆነ እዚያው ይመልሰዋል። ካለፈ ሁለት ወይም ሦስት ገምጋሚ ይፈልግለታል። ጊዜውን የሚበላው በአብዛኛው ይህ ፍለጋ ነው። ገምጋሚዎቹ ብዙውን ጊዜ አይከፈላቸውም፤ ክፍልም፣ የራሳቸው ጥናትም አለባቸው። አንዱ «አይመቸኝም» ይላል፣ ሌላው ጭራሽ መልስ አይሰጥም።

የገምጋሚው ስም አብዛኛውን ጊዜ ለጸሐፊዋ አይነገራትም። በአንዳንድ ጆርናል እሱም የእሷን ስም አያውቅም። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። አብሮህ ቡና የሚጠጣን ሰው፣ ወይም ያስተማረህን ሰው «ይሄ ስሌት ተሳስቷል» ማለት ይከብዳል። ስሙ ሲሸፈን ይሉኝታው ይቀላል።

ከዚያ ጥያቄዎቹ ይመጣሉ። ናሙናው የተቀዳው በበጋ ነው በክረምት? ከስንት ቦታ? በየቦታውስ ስንት ጊዜ? ወንዙ ኮምቦልቻ ከመድረሱ በፊት ደሴ ላይ ምን ገብቶበታል? የመጨረሻዋ ጥያቄ ሙሉ ጥናቱን ልታድነው ትችላለች። ውሃው ደሴን አልፎ ስለሚመጣ፣ ከላይ የገባውን ሳይለዩ ሁሉንም በኮምቦልቻ ማሳበብ ይመጣል።

ኤዲተሩ አስተያየቶቹን አይቶ ይወስናል፦ ይታተም፣ ትንሽ ይስተካከል፣ በደንብ ይሠራበት፣ ወይም አይሆንም። እንዳለ የሚያልፍ ጽሑፍ በጣም ጥቂት ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ጽሑፍ ተመልሶ ሲመጣ አስተያየቱን ሁለት ቀን መክፈት አቅቶኝ ነበር። እንደ ስድብ ቆጥሬው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሳነበው ግን አንድ የማላውቀው ሰው እያንዳንዱን ሠንጠረዥ ቁጭ ብሎ ደምሮልኛል። አንዱ ድምር የእውነትም ስህተት ነበር።

ትልልቆቹም ይህ ደርሶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1936 አልበርት አንስታይን ከናታን ሮዘን ጋር ስለ ስበት ሞገድ የጻፉትን «ፊዚካል ሪቪው» ለተባለ ጆርናል ላኩ። ኤዲተሩ ለገምጋሚ ሰጠው። አንስታይን ተቆጥቶ ጽሑፉን አነሳና ሌላ ጆርናል ወሰደው። ስህተት አለ ያለው ገምጋሚ ግን ልክ ነበር፤ አንስታይን ከመታተሙ በፊት መደምደሚያውን ቀየረው።

ግምገማ አለፈ ማለት ግን ጥናቱ እውነት ነው ማለት አይደለም። ገምጋሚው ቦርከና ወርዶ ውሃ አይቀዳም፤ የቀረበለትን ወረቀት ነው የሚያየው። ዳታውን የፈጠረ ሰው ሊያታልለው ይችላል። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1998 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ ወጥቶ የተሰረዘው በ2010 ነው። በመሃል ስንት ወላጅ ልጁን ሳያስከትብ ቀረ።

«በሦስት ቀን እናትምልሃለን፣ ብሩን ላክ» የሚል ኢሜይል ሲመጣም ጠርጥሩ። ደህና ጆርናሎችም ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ብሩ ብቻውን ምልክት አይደለም። ግን በሦስት ቀን ማን አነበበው? እንዲህ ያለ ቦታ የምትከፍሉት ያቺን የወንዙን ጥያቄ ማንም ሳይጠይቃችሁ እንዲቀር ነው።

ተመራማሪዋ አሁን ለእያንዳንዱ ጥያቄ በተራ መልስ ትጽፋለች። ያልተስማማችበት ካለ ምክንያቷን አስረድታ መከራከር ትችላለች። ናሙናዋ ሁሉ የጥርና የየካቲት ከሆነ ግን ክርክር አያዋጣትም። ጠርሙሶቿን አዘጋጅታ ወንዙ እስኪሞላ፣ ሐምሌን ትጠብቃለች።