በአነስተኛ በጀት ኮምፒውተር ለሚገጣጥሙ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዋናው ዕቃው ነው፤ ዊንዶውሱ በኋላ ይጫናል» የሚለውን አባባል መስማት ከሰለቸኝ ቆይቷል። ሥራዬ ኮምፒውተር መገጣጠም ነውና ዕቃውን ገዝተው ከጨረሱ በኋላ ምክር ፍለጋ የሚመጡ ሰዎች አላጣም፤ ያን ጊዜ ግን የሚቀረኝ ለምን እንደማይሆን ማስረዳት ብቻ ነው። በጀቱ ባነሰ ቁጥር ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ (ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ) አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ ፕሮሰሰሩንም ማዘርቦርዱንም የሚያስመርጠው እሱ ነውና።

ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ራም 4 ጊጋባይት፣ ማከማቻውም 64 ጊጋባይት ብቻ በመሆኑ ብዙዎች ማንበባቸውን እዚያ ላይ ያቆማሉ። ቀጥሎ ግን ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቁልፎችን የሚይዝ ክፍል)፣ ዩኢኤፍአይ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም)፣ ሴኪውር ቡት (ያልተፈቀደ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን እንዳያስነሳ የሚከለክል) እና ማይክሮሶፍት ባወጣው ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ ፕሮሰሰር ይጠየቃል። ዝርዝሩ በኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛው ትውልድ ይጀምራል፤ የኤኤምዲ ራይዘን 1000 ተከታታዮችም አልተካተቱበትም።

«አይ 7 ምንጊዜም ከአይ 3 ይበልጣል» የሚለው እምነት ገንዘብ የሚያስከስረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ወጣት ኮር አይ 3-8100 ሲቀርብለት ንቆ፣ ያገለገለ ኮር አይ 7-7700 ከነማዘርቦርዱ ገዝቶ መጣ። በእርግጥ አይ 7ቱ ባለ 4 ኮርና ባለ 8 ትሬድ (አራት የሥራ ክፍል ኖሮት በአንድ ጊዜ ስምንት ሥራ የሚያስኬድ) በመሆኑ በብዙ ሥራዎች ይፈጥናል፤ ነገር ግን 7ኛ ትውልድ ስለሆነ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ የናቀው አይ 3 ግን አለ። ፕሮሰሰሩን ብቻ ልቀይር ቢልም አልሆነለትም፤ የሁለቱም ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ) 1151 ተብሎ ቢጠራም 8ኛው ትውልድ የሚሠራው ባለ 300 ተከታታይ ቺፕሴት (የማዘርቦርዱን ክፍሎች ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኝ ቺፕ) ባላቸው ማዘርቦርዶች ላይ ነው። የሶኬት ቁጥር ተመሳስሏል ብሎ መግዛት እንደማያዋጣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

መስፈርቱን አልፎ መጫን እንደሚቻል የሚነግሩን አይጠፉም። ይቻላል፤ ሆኖም ማይክሮሶፍት እንዲህ ላለው ኮምፒውተር ዝማኔ ለመስጠት ዋስትና አይገባም። በዊንዶውስ 10 መቆየትም መፍትሔ አይሆንም፣ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷልና።

«የቲፒኤም ቺፕ ለብቻው ይገዛል» የሚሉም አሉ። በአብዛኛው አይገዛም። ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብታችሁ በኢንቴል ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ኤፍቲፒኤም የሚለውን ፈልጉና አብሩት፤ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ስለሚገኝ ነው የሌለ የሚመስለው።

«ሊኑክስ የትኛውም ዕቃ ላይ ይሠራል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። አሮጌ ፕሮሰሰር ላይ በደንብ ይሠራል፤ የሚያስቸግረው አብዛኛውን ጊዜ የዋይፋይ ካርዱ ነው። አንድ ዓይነት ስም የታተመባቸው ሁለት ካርዶች ውስጣቸው የተለያየ ቺፕ ሊኖር ስለሚችል፣ ካርቶኑን ትታችሁ የቺፑን ሞዴል ጠይቁ። የኤኤምዲ ግራፊክስ ካርዶች ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ከከርነሉ፣ ማለትም ከሊኑክስ ዋና ክፍል ጋር ይመጣል፤ የኤንቪዲያው በአብዛኛው ለብቻው የሚጫን ሲሆን አሮጌ ካርዶችንም በየጊዜው ከድጋፍ ያስወጣል። ያገለገለ ዕቃ የምትገዙ ከሆነ ሊኑክስ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ሳትጭኑ ከፍላሹ አስነሱት፤ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ስክሪኑ መሥራታቸውን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ታያላችሁ።

የቀሩት አጫጭር ናቸው። የዲዲአር 5 ራም በዲዲአር 4 ማዘርቦርድ ላይ አይገባም። ዋቱ ከፍ ያለ ፓወር ሰፕላይ በዋቱ ልክ ኤሌክትሪክ አይበላም፤ የሚስበው ዕቃዎቹ የሚፈልጉትን ያህል ነው። ስሙ በኤፍ የሚጨርስ የኢንቴል ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ያለ ግራፊክስ ካርድ ምስል አያሳይም።

«ከድሮው ኮምፒውተሬ ጋር የመጣው ዊንዶውስ ፈቃድ አለኝ» ለሚሉም፦ ከአምራቹ ተጭኖ የመጣ የኦኢኤም ፈቃድ ከዚያው ማዘርቦርድ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ወደ አዲሱ አይዛወርም። የአዲሱን ፈቃድ ዋጋ ዕቃ ከመምረጣችሁ በፊት በጀቱ ውስጥ አስገቡት።