የሐሞት ከረጢትና የደም ሥር ብግነት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሰውነት መከላከያ የራሱን የደም ሥሮች ሲያጠቃ የሚከሰተው ብግነት (የመቆጣትና የማበጥ ሁኔታ) ኩላሊትን፣ ነርቭንና ቆዳን እንደሚጎዳ በሰፊው ይታወቃል፤ በሐሞት ከረጢት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከእነዚህ ሕመሞች አንዱ፣ ሐኪሞቹ ኩስማውልና ማየር እ.ኤ.አ. በ1866 የገለጹት ፖሊአርተራይቲስ ኖዶሳ ሲሆን፣ በተለይ መካከለኛ መጠን ያላቸውን የደም ቅዳ ቧንቧዎች ያጠቃል።

«ጠጠር ከሌለ ሐሞት አይታመምም።» ትክክል አይደለም። ከረጢቱ ደሙን በዋናነት የሚያገኘው ከአንድ ቀጭን የደም ቅዳ ነው። ይህ ቧንቧ በብግነት ጠብቦ ወይም ደም ረግቶበት ሲዘጋ፣ አንድም ጠጠር ሳይኖር የከረጢቱ ግድግዳ ያብጣል፤ ሲብስም በስብሶ ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ አልትራሳውንድ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የወፈረ ግድግዳ አሳይቶ ጠጠር ባያሳይ፣ በተለይ ሕመምተኛው ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ ወይም የእግር መደንዘዝ ካለው፣ «ደህና ነህ» ብሎ መሸኘት አይገባም።

«ፕሬድኒሶሎን እየወሰድኩ ሆዴን ብዙም ካላመመኝ አያሰጋኝም።» ከሁሉም አደገኛው ይህ ይመስለኛል። ፕሬድኒሶሎን፣ ማለትም ለዚህ ሕመም የሚሰጠው የብግነት ማብረጃ መድኃኒት፣ ብግነቱን እንደሚያበርድ ሁሉ ትኩሳቱንና የሆድ መወጠሩንም ይደብቃል፤ የነጭ የደም ሴል ቁጥርንም በራሱ ከፍ ስለሚያደርግ የምርመራውን ውጤት ለመተርጎም ያስቸግራል። ከረጢቱ ተቀዶ እንኳ ሕመሙ ቀላል ሊመስል ይችላል። በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር አዲስ ሕመም የተሰማው ሰው፣ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ሳያቋርጥ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይቅረብ።

«ከረጢቱ ከወጣ በሽታው አበቃ።» ብግነቱ በከረጢቱ ብቻ ተወስኖ ቀዶ ሕክምናው የሚበቃቸው ሰዎች አሉ፤ በሌሎች ግን ከረጢቱ የመላ ሰውነት ሕመም የመጀመሪያ ምልክት ነው። ሁለቱን ለመለየት የወጣው ከረጢት በፓቶሎጂ (ከሰውነት የተወሰደ ናሙና በሚመረመርበት ላቦራቶሪ) መመርመር አለበት፤ በማይክሮስኮፕ የቧንቧው ግድግዳ ሞቶና በብግነት ሴሎች ተከቦ የሚታየው እዚያ ነው። በአገራችን ናሙናውን ቤተሰብ ይዞ ወደ ላቦራቶሪ የሚሄድበት ጊዜ ስላለ፣ እባካችሁ ሳታዘገዩ አድርሱት፤ ውጤቱንም ለሐኪሙ መልሱ።

«ሕክምናው ለሁሉም አንድ ነው።» በአገራችን በስፋት የሚገኘው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ራሱ ፖሊአርተራይቲስ ኖዶሳን ሊያስነሣ ይችላል። እንዲህ ሲሆን የሕክምናው መሠረት የቫይረሱ መድኃኒት ነው፤ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም ሕክምና ለረጅም ጊዜ ብቻውን ቢሰጥ ቫይረሱን ያባብሰዋል። ስለዚህ የሄፓታይተስ ቢ የደም ምርመራ ከሕክምናው መጀመር በፊት መሠራት አለበት።