ጎማው በአየር ላይ ብዙ መዞሩ የኩሽኔታን ጤንነት አያሳይም

ባለፈው ክረምት መግቢያ አንድ ወጣት ደንበኛዬ፣ የኮርሳ ብስክሌቱን የፊት ኩሽኔታዎች ከቀየርሁለት ከሁለት ቀን በኋላ፣ ፊቱን አጥቁሮ ተመልሶ መጣ። ብስክሌቱን ከመሬት ብድግ አደረገና የፊት ጎማውን በእጁ አሽከረከረው፤ ጎማውም ጥቂት ዞሮ ቆመ። «ጋሼ፣ አዩት አይደል? ድሮ እኮ ሻይ ጠጥቼ እስክመለስ ይዞር ነበር፤ አዲሱ ከአሮጌው ባሰ» አለኝ። ይህን አቤቱታ በዓመት ስንት ጊዜ እንደምሰማ መቁጠር ትቻለሁ። ኩሽኔታቸውን ቤታቸው ራሳቸው የቀየሩ ሰዎችም ሥራቸውን በዚሁ ፈተና ይመዝኑና፣ በትክክል የሠሩትን አፍርሰው ያበላሹታል። ስለ ሞዞ (የጎማው መሀል፣ ራጂዎቹ የሚሰበሰቡበት ክፍል) ኩሽኔታ ከሚነገሩት ስሕተቶች ሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ስለዚህ ይህንኑ ነው።

«ጎማው በአየር ላይ ብዙ ከዞረ ኩሽኔታው ጤነኛ ነው» የሚለው እምነት ብዙውን ጊዜ የእውነቱ ተገላቢጦሽ ነው። የታሸገ ኩሽኔታ ማለት በውጭና በውስጥ ቀለበቶቹ መሀል ብዮች (ትንንሽ ኳሶች) የሚንከባለሉበት አንድ ወጥ ዕቃ ነው። አዲሱ በሁለቱም ጎኑ የላስቲክ መሸፈኛ አለው፤ የመሸፈኛው ከንፈር የውስጡን ቀለበት እየነካ ስለሚዞር በመጠኑ ይይዛል። ውስጡ ያለው ግራሶም ገና አልተላመደምና ብዮቹ ወደ ዳር ገፍተውት መንገዳቸውን እስኪያበጁ ድረስ ይከብዳል። ያረጀው ኩሽኔታ ደግሞ ከንፈሩ ተበልቶ፣ ግራሶውም ታጥቦ ወይም ደርቆ ስላለቀ የሚይዘው ነገር የለም። ባዶ ጎማ ሲዞር የሚሸከመው የራሱን ክብደት ብቻ ስለሆነ፣ ብዮቹ በዛገና በተቦረቦረ መንገድ ላይ ቢንከባለሉም እንኳ ለረጅም ጊዜ መዞር ይችላል። ጉዱ የሚታየው ብስክሌተኛው ሲቀመጥበት ነው።

ነገሩን በቁጥር ለሚወድ ሰው እንዲህ ላስረዳ። አዲሱ መሸፈኛና ግራሶ 0.02 ኒውተን ሜትር (የማዞሪያ ኃይል መለኪያ) ያህል ይያዙ እንበል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ 700 በ25 ጎማ በደቂቃ 320 ጊዜ ገደማ ስለሚዞር፣ በዚህ ምክንያት የሚባክነው ኃይል 0.7 ዋት እንኳ አይሞላም። በዚያ ፍጥነት በሜዳ ላይ ብቻውን የሚነዳ ሰው ከ200 ዋት በላይ ያወጣል፤ ከዚህም አብዛኛው ነፋስ ለመግፋት ይውላል። ይኸው 0.02 ኒውተን ሜትር ግን በእጅ ተሽከርክሮ የተለቀቀን ባዶ ጎማ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ለማቆም ይበቃል። ዓይን ይህን መቆም ያያል፤ እግር ግን ልዩነቱን አያውቀውም።

ለወጣቱ በቃል ማስረዳቱ ስላልበቃው፣ ያወጣሁትን አሮጌ ኩሽኔታ ከቁርጥራጭ ብረቱ መሀል ፈልጌ መሸፈኛውን በመርፌ አንሥቼ አሳየሁት። ውስጡ የቡና አተላ የመሰለ ዝገት ሞልቶታል፤ ብዮቹ የሚሄዱበት መንገድም ፈንጣጣ እንዳለፈበት ፊት ተበሳስቷል። «ታዲያ እንዴት ይዞር ነበር?» አለኝ። የሚይዘው ግራሶ ስላልነበረው ነው የዞረው።

ትክክለኛው ፈተና የዓይን ሳይሆን የጣት ነው። ጎማውን ከብስክሌቱ አውጥተው ፐርኖውን (በሞዞው መሀል የሚያልፈውን ዘንግ) በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዙና እጅግ በዝግታ ያዙሩት። ለስላሳ ሆኖ ጥቂት ከከበደ ደስ ይበልዎት፤ ያ ክብደት የግራሶውና የመሸፈኛው ነው። አሸዋ የሚፈጭ ከመሰለ ቆሻሻ ወይም ዝገት ገብቶበታል። በየጥቂቱ እየተደናቀፈ በተወሰነ ቦታ ላይ መቀመጥ ከፈለገ ቀለበቱ ተሰርጉዷልና ግራሶ አያድነውም። ቀጥሎ ጎማውን መልሰው ይሰሩና ቸርኬውን ከፍሬኑ አጠገብ ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይግፉት፤ ቀጭ ቀጭ ካለ መላላት አለ ማለት ነው። መላላቱ የሚሰማዎት የፊት ፍሬኑን ይዘው ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲወዘውዙ ብቻ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የመሪው ኩሽኔታ ነው፤ ይህን ሳይለይ የሞዞውን ኩሽኔታ ሁለት ጊዜ የቀየረ ሰው አውቃለሁ።

ጎማው ከመቆሙ በፊት ወደ ኋላ እየተመለሰ ይወዛወዛል ብሎ የሚያማርርም አለ። ይህ የሚሆነው የቸርኬው ከባድ ወገን ወደ ታች መውረድ ስለሚፈልግ ነው፤ በዚያች ጥቂት ክብደት እንኳ ወደ ኋላ መመለስ የቻለ ጎማ ኩሽኔታው አልጨናነቀውም ማለት ነውና የሚያስማርር አይደለም።

ሌሎቹን ስሕተቶች ደግሞ አንድ በአንድ ከነመልሳቸው ላንሣ። «ላቫጆ ወስጄ በግፊት ውኃ ካሳጠብሁት ይጸዳል።» የሚጸዳው የብስክሌቱ አካል ነው፤ ውኃው ግን የላስቲኩን ከንፈር አልፎ ይገባና መውጫ ያጣል።

«በጎኑ የሞተር ዘይት ጠብ ቢደረግበት ይድናል።» ድምፁ ለአንድ ሳምንት ይጠፋ ይሆናል፤ ዘይቱ ግን የቀረውን ግራሶ አቅጥኖ ያፈሰዋል።

«በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት።» እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። በጋውን ብቻ የሚነዳና ሐምሌና ነሐሴን በጭቃ የሚነዳ ሰው አንድ ዓይነት ኩሽኔታ ቢገዙም ዕድሜው አንድ አይሆንም።

«ያወጣሁትን በናፍጣ አጥቤ መልሼ አስገባዋለሁ።» አብዛኛውን ጊዜ ኩሽኔታ ከሞዞ የሚወጣው ከኋላው የውስጥ ቀለበቱ እየተመታ ስለሆነ፣ ሲወጣ ደኅና የነበረው እንኳ ይጎዳል። አዲሱን በእጅዎ ሳይዙ አሮጌውን አያውጡት።

«በማርቴሎ ቀስ ብሎ መትቶ ማስገባት ምንም አይልም» የሚለውን ግን በአንድ መስመር ማለፍ አልችልም፤ ሥራ በጀመርሁበት ዘመን እኔም ይህንኑ እያደረግሁ የሰው ገንዘብ አባክኛለሁና። ኩሽኔታው ሞዞው ውስጥ ጠብቆ የሚቀመጠው በውጭ ቀለበቱ ነው። የውስጥ ቀለበቱን መትተው ካስገቡት ኃይሉ ሁሉ በብዮቹ በኩል ያልፋል፤ እያንዳንዷ ብይ ደግሞ ቀለበቱን የምትነካው የመርፌ ጫፍ በምታህል ቦታ ስለሆነ ብረቱን ትሰረጉደዋለች፤ ኩሽኔታው አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ አረጀ ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሙሉ ጥርስ ያለው ረጅም ብሎን፣ ሁለት ዳዶ፣ ወፍራም ሮንዴላዎችና የውጭ ስፋቱ ከኩሽኔታው በጥቂቱ የሚያንስ ቡሶላ (ዳዶ መፍቻ ኩባያ) ይበቃል፤ ለምሳሌ 28 ሚሊ ሜትር ለሆነ ኩሽኔታ የቡሶላው ክፍት አፍ የውጭ ስፋት 27 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን፣ የሚገፋው የውጩን ቀለበት ብቻ ይሆናል። ብሎኑን በሞዞው ውስጥ አሳልፈው ዳዶውን በዝግታ ሲያጠብቁ ኩሽኔታው ቀጥ ብሎ መግባቱን በየሩብ ዙሩ ይመልከቱ፤ ካዘመመ ወዲያው መልሰው ያላሉት።

ኩሽኔታውን በረዶ ቤት አሳድረው ሞዞውን በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅም ተረት አይደለም። የአሉሚኒየም ሞዞ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲጨምር 28 ሚሊ ሜትር የሆነው ቀዳዳው በ0.03 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ኩሽኔታውን የሚያጠብቀው ልዩነት ራሱ ከሚሊ ሜትር መቶኛ ክፍሎች ጥቂቱ ስለሆነ ይህ ትንሽ አይደለም። ቸርኬው ካርቦን ከሆነ ሙቀቱን ወደ ሞዞው ብቻ ያድርጉት።

ቅደም ተከተሉም አለ። አንዱን ወገን እስከ መቀመጫው ያስገቡና በመሀል የምትቀመጥ ቱቦ ካለች እርሷን አስገብተው፣ ሁለተኛውን የውስጥ ቀለበቱ ቱቦዋን እስኪነካ ድረስ ብቻ ይግፉት። ከዚያ አልፎ ከተገፋ ሁለቱ የውስጥ ቀለበቶች ወደ ውጭ ይገፉና ብዮቹ በጎናቸው ይጨናነቃሉ። አዲስ ኩሽኔታ በእውነት የሚያዘው ያኔ ነው፤ ደንበኛዬም እንዲህ ሆኖበት ቢሆን ኖሮ ቅሬታው ትክክል ይሆን ነበር። ልዩነቱን አሁንም ጣት ይለየዋል፤ የግራሶ ክብደት ከዳር እስከ ዳር እኩልና ለስላሳ ሲሆን፣ የመጨናነቅ ክብደት ደረቅና ጎርበጥ የሚል ነው።

«የኮርሳ ኩሽኔታ እዚህ አገር አይገኝም» ብለው ከአሜሪካ ዘመድ እስኪመጣ ድረስ ጎማቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው የሚጠብቁ ሰዎች ያሳዝኑኛል። አብዛኞቹ የሞዞ ኩሽኔታዎች በውኃ ፓምፕና በኤሌክትሪክ ሞተር ውስጥ ከሚገኙት የማይለዩ፣ ልካቸው በዓለም ሁሉ አንድ የሆነ ዕቃዎች ናቸው። መሸፈኛው ላይ 6902 የሚል ከተጻፈ የውስጥ ቀዳዳው 15፣ የውጭ ስፋቱ 28፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ 61902 የሚል ቢያገኙም ልኩ ያው ነው። 6802 ደግሞ 15፣ 24 እና 5 ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ቀዳዳውን ይነግሩዎታል፤ 00 ማለት 10፣ 01 ማለት 12፣ 02 ማለት 15፣ 03 ማለት 17 ሚሊ ሜትር ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ «2አርኤስ» የሚል ካለ በሁለቱም ወገን ላስቲክ አለው፤ «ዜድዜድ» ከሆነ መሸፈኛው ብረት ስለሆነ ለውኃ አይመከርም። ሶማሌ ተራም ሆነ ኩሽኔታ የሚሸጥበት ሌላ ሱቅ ሲሄዱ ቁጥሩን ብቻ ይናገሩ፤ ለብስክሌት ነው ብለው ከጀመሩ ሻጩ ሳይፈልግ የለም ሊልዎት ይችላል። ጥቂት አምራቾች የራሳቸውን ልዩ ልክ ስለሚጠቀሙ፣ ቁጥሩ ከጠፋ በካሊፐር ሳይለኩ አይግዙ።

ስለ «አቤክ» ደረጃና ስለ ሴራሚክ የሚነገረውን በአጭሩ ልለፈው። አቤክ የሚመዝነው የቀለበቶቹን ልክና የአዟዟራቸውን ትክክለኛነት እንጂ የመሸፈኛውን ጥንካሬ ወይም የግራሶውን ጥራት አይደለም። የፓምፕ ሞተር በደቂቃ ወደ 3,000 ጊዜ ሲዞር ኩሽኔታው ሳያጉረመርም ይችላል፤ በ320 ዙር ለሚሄድ ጎማ ከፍተኛውን ደረጃ መግዛት የውኃ መከላከያውን ችግር አይፈታም። ሴራሚክ ከሚባሉት በብዛት የሚሸጡት ደግሞ ብያቸው ብቻ ሲሊከን ናይትራይድ የተባለ ሴራሚክ፣ ቀለበታቸው ግን ያው ብረት ነው፤ ውኃ ሲገባ ቀለበቱ ይዝጋል፣ ጠንካራዋ ብይም ትበላዋለች።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ስለ ታሸገው ኩሽኔታ ነው። ሺማኖ የተባለው የብስክሌት ዕቃ አምራች የሚሠራቸው ብዙዎቹ ሞዞዎች ግን በልቅ ብይና በኮኖ (ፐርኖው ላይ ተጠምዝዞ ብዮቹን ወደ መቀመጫቸው የሚገፋ ሾጣጣ ዳዶ) የሚሠሩ ናቸው፤ በአብዛኞቹ ላይ ከፊት በየወገኑ 4.76 ሚሊ ሜትር የሆኑ 10 ብዮች፣ ከኋላ በየወገኑ 6.35 ሚሊ ሜትር የሆኑ 9 ብዮች አሉ። የተበላሹትን ብቻ መርጦ መተካት ቁጠባ ይመስላል፤ ነገር ግን አዲሷ ብይ ካለቁት በጥቂቱ ስለምትበልጥ ሸክሙን ብቻዋን ትወስዳለች፤ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀየራሉ። ጎድጓዳው መቀመጫ ራሱ ከተበሳሳ ግን አዲስ ብይና አዲስ ኮኖ ብዙ አያስኬዱትም፤ ያኔ የሚቀየረው ሞዞው ነው።

እዚህ ላይ ትልቁ ስሕተት «ኮኖው ምንም ሳይላላ መጥበቅ አለበት» የሚለው ነው። የጎማውን ሌቫ (ጎማውን ከብስክሌቱ ጋር የሚያስረውን እጀታ) ሲዘጉ፣ ውስጡ ክፍት የሆነው ፐርኖ በጥቂቱ ይጨመቃል፤ ሁለቱ ኮኖዎችም ይቀራረባሉ። ጎማው በእጅዎ ሳለ ፍጹም ልክ የሆነው ስለዚህ ሌቫው ሲዘጋ ከመጠን በላይ ይጠብቅና ብዮቹን ይፈጫል። ጎማው ከብስክሌቱ ውጭ ሳለ እምብዛም የማትሰማ መላላት ይተዉለት፤ ከዚያ አስረው፣ ሌቫውን ዘግተው ቸርኬውን ይግፉት። መላላቱ ጠፍቶ ከሆነ ደኅና ነው። ካልጠፋ ያውጡትና ኮኖውን ከሩብ ዙር እጅግ ባነሰ መጠን አጥብቀው፣ ኮኖው ሳይንቀሳቀስ የሚቆልፈውን ተቃራኒ ዳዶ መልሰው ይሰሩት፤ እስኪስተካከል ሦስት አራት ጊዜ ከማውጣትና ከማሰር እኔም አላመለጥሁም።