«ውሃ ይውሰደው» ማለት ያለበት ማን ነው?

ባለፈው ጥር በጃፓኗ ከተማ ናጎያ በምሠራበት ቦታ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። አንድ አለቃ የሦስት ሠራተኞችን የትርፍ ሰዓት ለወራት ሳይመዘግብ ቆይቶ ነገሩ ወጣበት። ተነሣና ፈገግ ብሎ «እንግዲህ ያለፈውን ሚዙ ኒ ናጋሱ እናድርገውና ወደ ሥራችን እንመለስ» አለ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔን ግን ቤቴ እስክገባ ከነከነኝ። እንዲህ ያለ ትልቅ አባባል በማይገባው አፍ ገባ።

ሚዙ ውሃ ነው። ናጋሱ ደግሞ እንዲፈስ መልቀቅ። በእኛ አፍ «ውሃ ይውሰደው» ቢባል ይቀርባል። የቆየ ጠብን፣ የተያዘ ቂምን፣ እንዳልነበረ ቆጥሮ መተው ማለት ነው። እዚሁ ጃፓን ያለ ወዳጄ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ማለት አይደል?» ብሎኝ ነበር። አይደለም። ለእሱ ጃፓኖች ከቻይና የመጣ ሌላ አባባል አላቸው፤ «የተደፋ ውሃ ወደ ሳህኑ አይመለስም» ይላሉ። ያ ቁጭት ነው። ይሄኛው ይቅርታ ነው።

እኔ አባባሉ የገባኝ ጉጆ ሃቺማን ሄጄ ነው። ጊፉ በሚባለው ግዛት በተራራ የተከበበች ትንሽ ከተማ ናት። ዮሺዳ ወንዝ መሃሏን ሰንጥቆ ይወርድና ከናጋራ ወንዝ ጋር ይገናኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1652 ከተማዋ በእሳት ወደመች። በ1660ዎቹ የአካባቢው ገዢ እሳት ሲነሣ ውሃ ቅርብ እንዲሆን ብሎ በየመንገዱ ቦይ አስቆፈረ። ቦዮቹ ዛሬም አሉ። ሌሊት ጋደም ብለህ ውሃው ከመስኮትህ ሥር ሲያልፍ ትሰማዋለህ።

ያረፍኩበት ቤት ጓሮ ሚዙቡኔ ነበር። ደረጃ በደረጃ የተሠራ የውሃ ገንዳ ነው። የምንጭ ውሃ በቧንቧ መጥቶ መጀመሪያ ላይኛው ገንዳ ይወርዳል። እሱ ለመጠጥ ብቻ ነው፤ እጅ አይነከርበትም፣ በጭልፋ ይቀዳል። ሞልቶ ሲፈስ ሁለተኛው ውስጥ ይገባል። እዚያ አትክልት ይታጠባል፤ በበጋ ቲማቲምና ሐብሐብ ይቀዘቅዝበታል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ሦስተኛው አለ፤ የበሉበት ሳህን የሚታጠበው እዚያ ነው። የቀረች የሩዝ ፍሬ ከውሃው ጋር ወርዳ ኩሬ ውስጥ ትገባለች። ኩሬው ውስጥ ወፋፍራም ካርፕ ዓሦች አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። እነሱ ለቅመው ሲጨርሱ ውሃው ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ወንዙ ይሄዳል። ከወንዙ በታች ደግሞ ሌላ ሰው አለ።

የቤቱ ባለቤት ሰማንያን ያለፉ እናት ናቸው። አንድ ማለዳ ሳህን እያጠቡ ነገሩኝ። ልጅ ሳሉ ሲጫወቱ ውለው የጨቀየ እጃቸውን ላይኛው ገንዳ ውስጥ ነከሩ። አያታቸው አልተቆጧቸውም። ገንዳውን ደፉት፣ በብሩሽ ፈተጉት፣ ከዚያ እሳቸውን አጠገቡ አስቀምጠው እንደገና እስኪሞላ አስጠበቋቸው። «ውሃው የሚመጣው በቀጭኑ ነበር፤ እስኪሞላ ቀኑ መሸ» አሉኝ። ይህን ሲሉ ገንዳውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት።

እኔም ልጅ ሆኜ ውሃ ስላክ እናቴ «ከብት ከሚጠጣበት በላይ ቅዳ» ትለኝ ነበር። ወንዝ ያሳደገው ሰው የላይና የታችን ነገር ሳይነገረው ያውቃል። ጅብ ከላይ ሆኖ እየጠጣ፣ ከታች ያለችውን አህያ «ውሃዬን አደፈረስሽብኝ» ያላት ለዚህ ነው፤ ግፉ ለማንም ይታያል። እሷም «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው።

ጃፓኖች «ሳን ጃኩ ናጋሬሬባ ሚዙ ኪዮሺ» የሚል የቆየ ብሂልም አላቸው። ሦስት ሻኩ ከፈሰሰ ውሃ ይጠራል ማለት ነው። ሻኩ የድሮ መለኪያ ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ሦስቱ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጀርም በዚህች ርቀት እንደማይጠፋ የታወቀ ነው። ግን ያን ገንዳ ላየ ሰው ብሂሉ ሌላ ነገር ይነግረዋል። እያንዳንዱ የራሱን ክፍል አጥርቶ ካሳለፈ የታችኛው ሰው ንጹሕ ያገኛል።

አሁን ወደ መነሻው ልምጣ። ብዙ ሰው «ሚዙ ኒ ናጋሱ» የመጣው ሺንቶ ከሚባለው የጃፓኖች ነባር ሃይማኖት የመንጻት ሥርዓት ነው ይላል። ሺንቶ ውስጥ ሰው በውሃ ታጥቦ ርኩሰቱን ያስወግዳል። ቶቶሪ ግዛት ሞቺጋሴ በምትባል ቦታም፣ በጨረቃ አቆጣጠር ሦስተኛው ወር በገባ በሦስተኛው ቀን፣ የወረቀት አሻንጉሊቶች ክፉውን ሁሉ ይዘው እንዲሄዱ ወንዝ ላይ ይለቀቃሉ። ጥሩ ማስረጃ ነው፤ አልክድም። እኔ ግን አባባሉ የተወለደው ከመቅደስ ይልቅ ማጠቢያ ድንጋይ ላይ ነው ባይ ነኝ። ጃፓናዊት እናት ወጥ ቤቷ ውስጥ ያለውን የዕቃ ማጠቢያ ምን ትለዋለች? ናጋሺ። ከዚያው ናጋሱ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ቃሉ በየቀኑ እጅ የሚያርፍበት፣ የሩዝ ድስት የሚፈተግበት ቃል ነው። ያላጠበ ሰው አይለቅም። እናም የሚለቀው ያጠበው ሰው ነው።

ይህን ያሰብኩት በዚያው በጥር ነው። ከስብሰባው በሳምንቱ ጉጆ ሃቺማን ተመልሼ ነበር። በዓመቱ ቀዝቃዛ ወቅት የከተማዋ ቀለም ነካሪዎች ኮይኖቦሪ ወንዝ ውስጥ ያጥባሉ። ኮይኖቦሪ በአውሮፓውያኑ ሜይ መጀመሪያ ለልጆች በዓል የሚሰቀለው የካርፕ ቅርጽ ያለው ጨርቅ ነው። ጨርቁ ቀለም ከመቀባቱ በፊት፣ ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበት መስመር ላይ ከሩዝ የተሠራ ሊጥ መሳይ ማጣበቂያ ይደረግበታል። ቀለሙ ሲደርቅ ያ ማጣበቂያ መልቀቅ አለበት። ዳር ዳሩ በረዶ ነው። ሰዎቹ ውሃው ውስጥ ገብተው ጎንበስ ይላሉ፤ ጨርቁን ዘርግተው በብሩሽ ይጠርጉታል። አንደኛው ጣቶቹ በርበሬ መስለው ነበር። ማጣበቂያው እየተላጠ ሲሄድ የዓሣው ቅርፊት ነጭ ጠርዝ አንድ በአንድ ብቅ ይላል። ወንዙ የወሰደው ማጣበቂያውን ነው። ቀይና ጥቁሩ ቀለም ንቅንቅ አላለም።

እዚያ ቆሜ ያ አለቃ ትዝ አለኝ። ውሃ ውስጥ አልገባም፣ ብሩሽ አልያዘም፣ ጨርቁም የእሱ አልነበረም። ዛሬ ዛሬ ይህን አባባል የምሰማው እንደ እሱ ካሉ ሰዎች ነው። ባለሥልጣን ሲጋለጥ ይለዋል፣ አበዳሪውን የሸሸ ሰው ይለዋል። እባካችሁ ተዉት! በእኛም ሽምግልና በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል እንጂ «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚለው ተበዳዩ ነው።  ሚዙ ኒ ናጋሱም ያው ነው፤ ደመወዛቸው የቀረባቸው ሦስቱ ሠራተኞች ሲፈልጉ የሚሉት፣ ካልፈለጉም የማይሉት ቃል ነው።

በዳዩ ራሱ የሚናገረው ሌላ ቃል ጃፓንኛ ውስጥ አለ። «ሞሺዋኬ አሪማሰን» ይባላል። ሲተረጎም «የማመካኘው ነገር የለኝም» ማለት ነው። ያን ቀን ስብሰባው እስኪያልቅ ጠበቅኩ፤ ከአፉ አልወጣም።