የትርፍ ጊዜ ሴናተር ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ «ሴናተር» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ዋሽንግተን ያሉት 100 ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱ ስቴት ግን የራሱ ምክር ቤት አለው። በ50ዎቹ ስቴቶች ከ7 ሺህ በላይ ሕግ አውጪዎች አሉ። አብዛኞቹ ሌላ መተዳደሪያ አላቸው፤ ጠበቃ፣ ገበሬ፣ ባለሱቅ ናቸው። በዓመት ጥቂት ወራት ሕግ ያወጡና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ጂሚ ካርተር ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። እኛ የምናውቃቸው በፕሬዚዳንትነታቸው፣ ወይም በፈረንጆቹ 1989 አትላንታ ላይ የደርግን መንግሥትና ሻዕቢያን በማደራደራቸው ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ፕሌይንስ በምትባል ትንሽ የጆርጂያ ከተማ የኦቾሎኒ ነጋዴ ነበሩ።

ነገሩ የቤተሰብ ነው። አባታቸውም ነጋዴና የስቴቱ ምክር ቤት አባል ነበሩ። በ1953 ሲሞቱ ልጅየው ከባሕር ኃይል ወጥተው ንግዱን ተረከቡ። የመጀመሪያው ዓመት ድርቅ ሆነና ትርፉ 200 ዶላር እንኳ አልሞላም። ቀስ በቀስ መጋዘኑ አደገ። ካርተር መጀመሪያ የአካባቢው ትምህርት ቦርድ አባል ሆኑ፤ በ1962 ደግሞ ለስቴቱ ሴኔት ተወዳደሩ።

ያ ምርጫ ጉድ ነበር። ክዊትማን በሚባል ካውንቲ ከመራጩ የድምፅ ወረቀቱ በለጠ። የሞቱ ሰዎች ሳይቀሩ መርጠዋል፤ ያውም ስማቸው በፊደል ተራ ተሰልፎ! ካርተር ፍርድ ቤት ሄደው ተከራከሩና ወንበሩን አገኙ።

ታዲያ ምክር ቤቱ ባለበት አትላንታ ሲቀመጡ ንግዱን ማን ይዞት ነበር? ሂሳቡን ቀድሞም የሚያውቁት ባለቤታቸው ሮዛሊን ናቸው። ወቅቱም ይመቻል። የጆርጂያ ምክር ቤት የሚከፈተው ጃንዋሪ ላይ ነው፣ ዛሬም መደበኛ ስብሰባው 40 የሥራ ቀን ብቻ ነው። ኦቾሎኒ የሚዘራው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው።

ነጋዴ በእነዚህ ምክር ቤቶች የሚበዛበት ምክንያትም እዚሁ ላይ ነው። ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ የሕግ አውጪ ደመወዝ 100 ዶላር ነው። በወር እንዳይመስላችሁ፣ በዓመት! ቴክሳስ በወር 600 ዶላር ይከፍላል። ሐሳቡ «ሕግ የሚያወጣው ከሕዝቡ ጋር የሚኖር ሰው ይሁን» የሚል ነው። ደስ ይላል። ግን ሜሪላንድ ውስጥ በሺፍት የምትሠራ ነርስ ለ90 ቀን ስብሰባ ፈቃድ ማን ይሰጣታል? እሱ በሌለበትም ገቢው የማይቋረጥ ሰው ነው በቀላሉ የሚገባው። ካሊፎርኒያ በ1966 በሕዝብ ድምፅ ሥራውን የሙሉ ጊዜ ያደረገችው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሌላም ጣጣ አለ። ኢንሹራንስ የሚሸጥ ሰው ስለ ኢንሹራንስ ሕግ እጁን ያወጣል። ስቴቶች ሀብትህን አስመዝግብ ይላሉ፤ አንዳንድ ቦታም ጥቅምህ ባለበት ጉዳይ ድምፅ አትስጥ ይባላል። ንግድህን ተው የሚል ግን የለም ማለት ይቻላል። ካርተርም ሴናተር ሳሉ መጋዘናቸውን ይዘው ቀጠሉ። ለባለአደራ ያስረከቡት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ነው። በ1981 ሲመለሱ 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ጠበቃቸው፤ መጋዘኑንም ሸጡት።