ፈልክረም፦ የቃሉ ፍችና አመጣጥ

ፈልክረም መፈንቀያ የሚደገፍበትና የሚዞርበት ነጥብ ነው። ጅማ ውስጥ መሠረት ሲቆፈር ትልቅ ድንጋይ ያጋጠመው ሠራተኛ በድጅኖው ሥር የሚያስቀምጣት ትንሽ ድንጋይ ፈልክረም ናት። ከእሷ እስከ ሸክሙ 20 ሳንቲ ሜትር፣ እስከ እጁ ደግሞ 1 ሜትር ከሆነ፣ 200 ኪሎ የሚከብደውን ሸክም በ40 ኪሎ ጉልበት ያነሣዋል። ታዲያ ሸክሙ አንድ ጣት ከፍ እንዲል እጁ አምስት ጣት መውረድ አለበት።

ቃሉ ወደ እኛ ትምህርት ቤቶች የመጣው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። እንግሊዝኛ ከላቲን የወሰደው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ የላቲኑ ፉልክሩም ደግሞ «ደገፈ፣ እንዳይወድቅ ያዘ» ከሚል ግስ የወጣ ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ክሩም» ከግስ የመሣሪያና የቦታ ስም ያወጣል። አማርኛ ይህንኑ ሥራ በ«መ» እና በ«ያ» ይሠራል፤ ደገፈ፣ መደገፊያ። ሁለቱ ቃላት በአንድ መንገድ የተበጁ ናቸው።

ሮማውያን ፉልክሩም ሲሉ በመጀመሪያ የሚታያቸው የቤት ዕቃ እንጂ መፈንቀያ አልነበረም። ባለጸጎቻቸው ማዕድ የሚቆርሱት አልጋ በሚመስል መቀመጫ ላይ በክርናቸው ጋደም ብለው ነበር። ብዙ መዛግብተ ቃላት ፉልክሩምን «የአልጋ እግር» ብለው ይፈቱታል። ይሁን እንጂ በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ዴሎስ የምትባለውን የግሪክ ደሴት ነሐስ ሲያወድስ የመቀመጫውን እግሮችና ፉልክራውን (የፉልክሩም ብዙ ቁጥር ነው) ለየብቻ ይጠራቸዋል። በቁፋሮ የተገኙትና ተመራማሪዎች በዚህ ስም የሚጠሯቸው የነሐስ ጌጦችም በራስጌ በኩል ለነበረው ቆልማማ መደገፊያ የተሠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ጫፋቸው ላይ የበቅሎ ራስ አለባቸው። ስለዚህ «እግር» የሚለው ፍች ቢያንስ ለመመገቢያው አልጋ አይስማማም።

ይህን ለመረዳት ጅማ መልካም ቦታ ነው። የጅማ ጠራቢ ከአንድ ግንድ ሦስት እግር ያለው በርጩማ ያወጣል፤ ከዚያው ከአንድ ግንድ ጀርባ ያለው ወንበርም ይጠርባል፤ ምስማርም ሙጫም አያስፈልገውም። በዚህ ጥበብ ጅማን የሚስተካከል ከተማ ጥቂት ነው። ያን የወንበሩን ጀርባ በአማርኛ ምን እንለዋለን? መደገፊያ። ላቲን ከቤት ዕቃ ወደ መፈንቀያ ያሻገረው ቃል አማርኛ ውስጥም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

ግሪኮች ስሙን ያወጡት በሌላ በኩል ነው። በቋንቋቸው ሞክሎስ መፈንቀያም የበር መወርወሪያም ነው፤ ፈልክረምን የሚጠሩበት ሂፖሞክሊዮን ደግሞ «ከመፈንቀያ ሥር ያለ» ማለት ነው። ቃሉ በአርስቶትል ስም በቆየው «የሜካኒክስ (የኃይልና የእንቅስቃሴ ጥናት) ጥያቄዎች» በተባለው ድርሰት ውስጥ ይገኛል፤ ድርሰቱ የእሱ ስለመሆኑ ግን ሊቃውንት አይስማሙም። ከላይ በድጅኖው ያየነውን የመፈንቀያ ሕግ በሒሳብ ያረጋገጠው ከክርስቶስ ልደት 212 ዓመት በፊት በሲሲሊ ደሴት በምትገኘው ሲራኩስ ከተማ የተገደለው ግሪካዊው የሒሳብ ሊቅ አርኪሜዲስ ነው። በመካከለኛው ዘመን የሜካኒክስን ዕውቀት ካቆዩት ዋነኞቹ የዐረብኛ ተርጓሚዎች ነበሩ።

የግሪኩ ስም ግን አንድ ጉድለት አለበት፤ ድጋፉ ሁልጊዜ ከሥር አይደለም። ቡና የሚመዘንበት ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን የሚንጠለጠለው ከላይ ነው፤ ፈልክረሙም እዚያው ማንጠልጠያው ጋ ነው። በእጅ ጋሪ ላይ ፈልክረሙ የጎማው እምብርት ሲሆን ሸክሙ በመካከል ይውላል። በወረንጦ ደግሞ ሁለቱ ብረቶች የተጋጠሙበት ጫፍ ነው፤ ጣት በመካከል ይጫናል።

መደገፊያ የሚለው የአማርኛ ቃል ድጋፉን አጥርቶ ይናገራል፣ መዞሩን ግን አይናገርም። ለድጅኖዋ ድንጋይ ከእሱ የተሻለ ቃል አያስፈልግም። የመቀስን ሁለት ስለት የምታያይዘውን ብሎን ግን መደገፊያ ብሎ የሚጠራት ሰው የለም፤ ለእሷ መዞሪያ ማለት ይቀላል።